ወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛን ከአፍንጫ ናሙና እስከ ዘር ሐረግ ዛፍ መከታተል፦ ለላቦራቶሪና ለቅኝት ባለሙያዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

«ጉንፋን» በሚለው የአማርኛ ቃል ውስጥ ቀላሉ የአፍንጫ ፍሳሽም፣ ሰውን ለሳምንት አልጋ ላይ የሚጥለው ኢንፍሉዌንዛም አብረው ይኖራሉ። በቤት ውስጥ ንግግር ይህ ችግር የለውም፤ ለሁለቱም ዝንጅብል ይፈላል። ለቅኝት ሥራ ግን ሁለቱን መለየት የመጀመሪያው ግዴታ ነው፤ ምክንያቱም ኢንፍሉዌንዛ መልኩን ያለማቋረጥ የሚለዋውጥ፣ ክትባቱም በየጊዜው መታደስ ያለበት ቫይረስ ነው። ይህን ለውጥ የሚከታተለውና ዛሬ ዓለም አቀፍ የኢንፍሉዌንዛ ቅኝትና ምላሽ ሥርዓት ተብሎ የሚጠራው መረብ የተመሠረተው በ1952 ነው። በኢትዮጵያም ከ2008 ጀምሮ በተመረጡ የጤና ተቋማት ቅኝት ይካሄዳል፤ ናሙናዎቹም በአዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይመረመራሉ። በዚህ መመሪያ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተጻፈባቸው በቀር ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው፤ ይህን ለምን እንደምናስታውስ ወደ በኋላ በሰፊው ይታያል።

አንባቢው ከመነሻው አንድ ነገር እንዲይዝልን እንፈልጋለን። የዘረመል ንባብ መሣሪያው ውድና አስደናቂ ስለሆነ ጀማሪ ባለሙያ ትኩረቱን ሁሉ ወደ እሱ ያዞራል። ነገር ግን ውጤቱን የሚያበላሹት ስሕተቶች አብዛኞቹ ናሙናው መሣሪያው ዘንድ ከመድረሱ በፊት የሚፈጸሙ ናቸው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በኋላ ሊታረሙ አይችሉም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች ቸል ብሎ ማለፍ አይገባም።

1. ናሙና የሚወሰድበትን ሰው መምረጥ

የዓለም ጤና ድርጅት ሁለት የሕመም ትርጓሜዎችን ይጠቀማል። ኢንፍሉዌንዛ መሰል ሕመም የሚባለው ተለክቶ 38 ዲግሪ ሴልሲየስ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳትና ሳል ያለበት፣ ከጀመረም 10 ቀን ያላለፈው ድንገተኛ የመተንፈሻ አካል ሕመም ነው። ከባድ ድንገተኛ የመተንፈሻ አካል ሕመም የሚባለው ደግሞ የትኩሳት ታሪክ ወይም የተለካ ትኩሳትና ሳል ኖሮት፣ በ10 ቀን ውስጥ የጀመረና ሆስፒታል መተኛትን የሚጠይቅ ነው። የመጀመሪያው በተመላላሽ ሕክምና ክፍል፣ ሁለተኛው በአስተኝቶ ሕክምና ክፍል ያገለግላል። ሁለቱ በአንድ መዝገብ ሲደባለቁ የበሽታውን ሥርጭትና የክብደቱን መጠን ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ትርጓሜውን የሚያሟላው ታካሚ ብዙ በሚሆንበት ቀን ማን ይመረጥ የሚለውን ጥያቄ ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ ስሜት መተው ትክክል አይደለም። በተወሰኑ ቀናት የሚመጡትን የመጀመሪያዎቹን ታካሚዎች መውሰድ፣ ወይም በየተወሰነ ቁጥር አንድ ሰው መምረጥ ይቻላል፤ ዋናው ነገር ደንቡ አስቀድሞ ተጽፎ መገኘቱና ሳይለዋወጥ መቆየቱ ነው። ሐኪሙ «ይህ ኢንፍሉዌንዛ ይመስላል» ያለውን ብቻ ከላከ በናሙናዎቹ ውስጥ የሚገኘው የኢንፍሉዌንዛ ድርሻ ከእውነተኛው በላይ ይሆናል፤ ይህንም ስሕተት ማንኛውም የስታቲስቲክስ ዘዴ ጨርሶ አያስተካክለውም። በሐሩር ክልል በሚገኙ አገሮች ኢንፍሉዌንዛ በአንድ የክረምት ወቅት ብቻ ተወስኖ ስለማይቀር ናሙና ዓመቱን ሙሉ ሊሰበሰብ ይገባል።

2. ናሙናውን መውሰድ

ከሕመሙ መጀመሪያ በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥ የተወሰደ ናሙና ከሁሉ ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ በአዋቂ ሰው አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በፍጥነት ይቀንሳል። ስዋቡ (ናሙና መውሰጃው ዘንግ) ጫፉ ከናይለን ወይም ከፖሊስተር፣ ዘንጉ ከፕላስቲክ የተሠራ ይሁን። የእንጨት ዘንግ ያለው የጥጥ ስዋብም ሆነ ካልሲየም አልጂኔት ያለበት ስዋብ ፒሲአር የተባለውን፣ የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ የሚለየውን ምርመራ ሊያደናቅፍ ስለሚችል አይፈቀድም።

ከአፍንጫ ጀርባ ለሚወሰድ ናሙና ስዋቡ ወደ ላይ ሳይሆን ከላንቃው ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ኋላ ይገባል። ጥልቀቱ ከአፍንጫ ቀዳዳ እስከ ጆሮ ቀዳዳ ያለውን ርቀት ያህል ነው፤ ከዚያ በፊት ከከበደ ግን አይገፋም። ፈሳሹን እንዲመጥ ለጥቂት ሰከንዶች ከተቀመጠ በኋላ በቀስታ እየዞረ ይወጣል። የጉሮሮ ናሙና ሲወሰድ የጉሮሮው የኋላ ግድግዳና የቶንሲሎቹ አካባቢ ይጠረጋል፤ ምላስ አይነካም። ሁለቱ ስዋቦች በአንድ የቫይረስ ማጓጓዣ ፈሳሽ ቱቦ ውስጥ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ እንዲያውም የማግኘት ዕድሉን ይጨምራል። ታካሚው፣ በተለይ ሕፃን ሲሆን እናትየው፣ ምን እንደሚደረግና ለምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል። የሚፈራና የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ላይ የተወሰደ ናሙና ብዙውን ጊዜ ከአፍንጫ ጫፍ ብቻ የተነካ ሆኖ ይቀራል።

3. ቅጹና ቀኑ

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆያለን፤ ምክንያቱም ይህ የእኛ አገር የተለየ ጉዳይ ስለሆነ በውጭ በተዘጋጁ መመሪያዎች ውስጥ አይገኝም። የዘረመል ክትትል የተመሠረተው በሁለት መረጃዎች ላይ ነው፤ እነሱም የቫይረሱ የዘረመል ቅደም ተከተልና ናሙናው የተወሰደበት ቀን ናቸው። ቫይረሱ በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ፣ በዘር ሐረግ ዛፉ (የቫይረሶቹን ዝምድና በሚያሳየው ሥዕል) ላይ አንድ ቅርንጫፍ መቼ እንደተነሣ የሚሰላው ከቀኑ ነው። በጤና ጣቢያ ቅጽ ላይ «10/05/16» ተብሎ ከተጻፈ ጥር 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም ጃንዋሪ 19 ቀን 2024። ይህንኑ ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባው ሰው በጎርጎርዮሳዊው ከተረጎመው ግን ሜይ 10 ቀን 2016 ይሆናል፤ ቫይረሱም ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይሄዳል። በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ይህ ስሕተት የደረሰባቸውን ናሙናዎች ዛፉ ላይ አይቼ አዲስ ነገር የተገኘ መስሎኝ ነበር። ቅጾቹን ከመዝገብ ቤት አስወጥተን አንድ በአንድ እስክንመለከት ድረስ ሁለት ሳምንት አለፈ።

ከዓመቱ በላይ ቀኑም ያታልላል። ጥር 10 በ2015 ዓ.ም. ጃንዋሪ 18 ሲሆን በ2016 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 19 ነው፤ ከጳጉሜን 6 በኋላ በሚመጣው ዓመት ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ልዩነቱ በአንድ ቀን ይገፋል። እንዲሁም ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ የዓመቱ ልዩነት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። ስለዚህ «ስምንት ጨምር» የሚል የቃል ደንብ በቂ አይደለም። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው፤ «8፡00» ተብሎ የተጻፈው ከቀኑ 8 ሰዓት ከሆነ ለውጭ ሰው ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ነው፤ ናሙናው በቅዝቃዜ የቆየበት ጊዜ ሲሰላም የስድስት ሰዓት ስሕተት ይገባል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቅጹን የሚሞላው ሰው በለመደው አቆጣጠር ይጻፍ፤ የወሩንም ስም በፊደል እንጂ በቁጥር አይጻፍ። አቆጣጠሩን የሚያመለክት ሳጥን ቅጹ ላይ ይኑር። ልወጣው በአንድ ቦታ ብቻ፣ ይኸውም በላቦራቶሪው መቀበያ፣ በአንድ የተረጋገጠ ፕሮግራም ይከናወን፤ የመጀመሪያው ጽሑፍም ሳይጠፋ ከልወጣው ጎን ይቀመጥ። የታካሚው ስም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ሊያስመዘግብ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ቱቦውም ቅጹም አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ሊኖራቸው ያስፈልጋል። ዕድሜ፣ ጾታ፣ የመኖሪያ ወረዳ፣ ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ ክትባትና የፀረ ቫይረስ መድኃኒት ተወስዶ እንደሆነ መመዝገብ አለበት።

4. ማቆየትና ማጓጓዝ

ናሙናው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ተጠብቆ በ72 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ ይኖርበታል። ይህ የማይቻል ከሆነ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ወይም ከዚያ በሚቀዘቅዝ ፍሪዘር ይቀመጥ። በተራ ፍሪዘር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ማስቀመጥ፣ በተለይም እያቀለጡ ደግሞ ማቀዝቀዝ፣ ቫይረሱን ይገድላል፤ አርኤንኤውንም (የቫይረሱን የዘረመል ቁስ) ይቆራርጣል። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ሁልጊዜ የቀዘቀዙ አይስ ፓኮች በተጠባባቂነት ይኑሩ፤ የፍሪዘሩ ሙቀትም በቀን ሁለት ጊዜ ይመዝገብ። ወደ ውጭ አገር ማዕከል ሲላክ ናሙናው ባለ ሦስት ድርብ ማሸጊያ ውስጥ ገብቶ በምድብ ቢ የሥነ ሕይወት ቁስ ምልክት፣ በዩኤን 3373፣ ይታሸጋል። ደረቅ በረዶ ከተጨመረበት ለብቻው ዩኤን 1845 የሚል ምልክት ይለጠፍበታል፤ ጋዙ መውጫ ካላገኘ ዕቃው ሊፈነዳ ስለሚችል ማሸጊያው ሙሉ በሙሉ አይደፈንም።

5. በአርቲ-ፒሲአር መለየት

ቱቦው የሚከፈተው በባዮሴፍቲ ደረጃ 2 ላቦራቶሪ፣ በክላስ 2 የባዮሴፍቲ ካቢኔ ውስጥ ነው። የምርመራ ኬሚካሎች የሚዘጋጁበት፣ አርኤንኤ የሚወጣበትና ማባዛቱ የሚካሄድባቸው ክፍሎች የተለያዩ ይሁኑ፤ ሠራተኛም ዕቃም ከንጹሑ ወደ ተባዛው እንጂ ወደ ኋላ አይመለሱ። ሁለት ክፍል ብቻ ያለው ላቦራቶሪ ቢያንስ ጋውንና ፒፔት ይለይ።

በአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የተዘጋጀው ኪት በብዙ አገሮች ስለሚሠራበት እሱን እንደ ምሳሌ እንወስዳለን። ለዓይነት ኤ የማትሪክስ ዘረመልን፣ ለዓይነት ቢ ኤንኤስ የተባለውን ዘረመል ይፈልጋል፤ አርኔዝ ፒ የተባለው የሰው ዘረመል ደግሞ ናሙናው በትክክል መወሰዱን ያረጋግጣል። የሲቲ ዋጋው (ምልክቱ እስኪታይ ድረስ ያለፈው የማባዛት ዙር ቁጥር፤ ቫይረሱ ሲበዛ ይህ ቁጥር ያንሳል) ከ38 በታች ከሆነ ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው። አርኔዝ ፒም ኢንፍሉዌንዛም ካልታዩ «ኔጌቲቭ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ ትክክለኛው ቃል «ውጤት አልባ» ነው፤ አርኤንኤው እንደገና ወጥቶ ይደገማል። ፖዘቲቭ የሆነው ዓይነት ኤ ወደ ኤች1ኤን1 (የ2009ኙ ዝርያ) ወይም ወደ ኤች3ኤን2፣ ዓይነት ቢ ደግሞ በዘር ሐረጉ ይለያል። ከማርች 2020 ወዲህ የቢ/ያማጋታ ሐረግ በተፈጥሮ ሲዘዋወር መኖሩ አልተረጋገጠም። ስለዚህ ያማጋታ የሚል ውጤት ሲገኝ ከመደሰት በፊት ምርመራውን መድገምና ታካሚው በቅርቡ በአፍንጫ የሚሰጥ ሕያው ክትባት ወስዶ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

አሁን የሚመጣው በሥራው ሁሉ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚፈልገው ጉዳይ ነው። የማትሪክስ ምርመራው በጉልህ ፖዘቲቭ ሆኖ፣ ለምሳሌ ሲቲው 27 ሆኖ፣ ኤች1ም ኤች3ም ካልታዩ ናሙናው ከእንስሳት የመጣ አዲስ ንዑስ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሲቲው 36 ከሆነ ግን ምክንያቱ ምናልባት የቫይረሱ ማነስ ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ ምርመራው ወዲያው ይደገም፤ የዶሮና የከብት ንክኪ ይጠየቅ፤ የኤች5 ምርመራ ይሠራ፤ ቫይረሱን በሕዋስ ውስጥ ለማባዛት ፈጽሞ አይሞከር። በአዲስ ንዑስ ዓይነት የሚመጣ የሰው ኢንፍሉዌንዛ በዓለም አቀፍ የጤና ደንብ መሠረት በብሔራዊ ተጠሪው በኩል በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት የሚነገር ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ በሌሊትም ቢሆን ለማን እንደሚደወል የሚገልጽ ወረቀት በመሣሪያው አጠገብ ተለጥፎ ይገኝ።

6. ቫይረሱን ማባዛትና ጠባዩን መፈተሽ

ሁሉም ላቦራቶሪ ይህን መሥራት አይጠበቅበትም። አቅም ያለው በኤምዲሲኬ ወይም፣ በተለይ ለኤች3ኤን2፣ በኤምዲሲኬ-ሲያት1 ሕዋሶች ያባዛል፤ ከዚያም ፌሬት በተባለው እንስሳ ደም ውሃ የቫይረሱን ከክትባቱ ጋር መመሳሰል ይለካል። ይህን በስፋት የሚሠሩት በአትላንታ፣ በለንደን፣ በሜልበርን፣ በቶኪዮና በቤይጂንግ የሚገኙት ተባባሪ ማዕከላት ናቸው። እዚህ ማስታወስ የሚገባው ቫይረሱ ከማደጊያው ጋር ሲላመድ መለወጡን ነው። በዶሮ እንቁላል ያደገ ኤች3ኤን2 በኤችኤ ቦታ 194 ላይ፣ በሕዋስ ያደገ ደግሞ በኤንኤ ቦታ 151 ላይ (ሁለቱም በቫይረሱ ገጽ ላይ ያሉ ፕሮቲኖች ናቸው) በሰው ውስጥ ያልነበረ ለውጥ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ የዘረመል ንባብ በተቻለ መጠን ከታካሚው ናሙና በቀጥታ ይሠራ፤ ካልሆነ በምን እንዳደገ ከውጤቱ ጋር ይጻፍ።

7. ለዘረመል ንባብ መምረጥና ማንበብ

ሲቲው ከ30 በታች የሆነ ናሙና ይመረጣል። ነገር ግን በሲቲ ብቻ መምረጥ አደጋ አለው፤ የሚመረጡት በአብዛኛው ከከተማና ከሕፃናት የመጡ ይሆናሉና። ከወቅቱ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ፣ ከየክልሉ፣ ከየዕድሜው ተመጣጣኝ ቁጥር ይወሰድ። ለብቻቸው ደግሞ ከባድ ሕመም ያለባቸው፣ ተከትበው የታመሙ፣ መድኃኒት እየወሰዱ ያልዳኑ ሰዎች ናሙናዎች ይጨመሩ፤ ነገር ግን በመረጃው ላይ «በልዩ ምርጫ» ተብለው ይለዩ።

የኢንፍሉዌንዛ ኤ ጄኖም (ጠቅላላ ዘረመሉ) ወደ 13,500 ኑክሊዮታይድ (የዘረመል ፊደል) የሚጠጋ ሲሆን በ8 ቁርጥራጮች የተከፋፈለ ነው። የሁሉም ጫፎች በአንዱ በኩል 12፣ በሌላው በኩል 13 ኑክሊዮታይድ ያህል ስለሚመሳሰሉ በአንድ ጥንድ ፕራይመር (ማባዛቱን በሚያስጀምሩ አጫጭር የዘረመል ቁራጮች) ስምንቱን በአንድ ጊዜ ማባዛት ይቻላል። ረጃጅሞቹ ፒቢ1ና ፒቢ2 እያንዳንዳቸው 2,341፣ አጭሩ ኤንኤስ 890 ኑክሊዮታይድ ናቸው። ናሙናው በመንገድ ላይ ሙቀት ካገኘው መጀመሪያ የሚጠፉት ረጃጅሞቹ ናቸው፤ ከተባዛ በኋላ በጄል ላይ የሚታየው ይህ መስመር ስለ ቅዝቃዜው ሰንሰለት የሚሰጠው ምስክርነት ከማንኛውም ሪፖርት የበለጠ ነው። ለማንበብ የኢሉሚና ማይሴቅ ወይም በእጅ መዳፍ የሚያዘው የናኖፖር ሚንአዮን ያገለግላሉ፤ ለአነስተኛ ላቦራቶሪ ሁለተኛው በዋጋም በጥገናም ይቀላል። ኔጌቲቭ ኮንትሮሉ (ቫይረስ የሌለበት ማመሳከሪያ) ከአርኤንኤ ማውጣት ጀምሮ እስከ ንባቡ ድረስ አብሮ ይሂድ።

የተነበበውን ለመገጣጠም አይአርኤምኤ የተባለው ፕሮግራም ለኢንፍሉዌንዛ ተብሎ የተሠራ ነው። በብዙ ቦታዎች ላይ ሁለት ዓይነት ፊደል ከታየ፣ ወይም በምርመራ ሳህኑ ላይ ጎን ለጎን ባሉ ጉድጓዶች የነበሩ ሁለት ናሙናዎች ፍጹም አንድ ከሆኑ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መበካከል ነው። በቂ ንባብ ያልተገኘበት ቦታ በግምት አይሞላም፤ «ኤን» ተብሎ ይተው።

8. ለውጦቹንና ዛፉን ማንበብ

ኔክስትክሌድ የተባለው መሣሪያ ቅደም ተከተሉን ተቀብሎ ክሌዱን (ቫይረሱ የሚመደብበትን የዘር ቅርንጫፍ)፣ ለውጦቹንና የጥራት ጉድለቱን ያሳያል። በቁጥሮቹ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኤች3 ፕሮቲን ቁጥር የሚጀምረው ከመጀመሪያዎቹ 16 አሚኖ አሲዶች በኋላ ነው፤ ስለዚህ ቦታ 145 የሚባለው ከመጀመሪያው ሜቲዮኒን ቢቆጠር 161 ይሆናል። በ2013 የታተመ ጥናት በኤች3ኤን2 ታሪክ ትልልቆቹ የጠባይ ለውጦች የመጡት በሰባት ቦታዎች፣ ማለትም በ145፣ 155፣ 156፣ 158፣ 159፣ 189ና 193፣ መሆኑን አሳይቷል። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ለውጥ ሲታይ ልብ ማለት ይገባል፤ ይሁን እንጂ ለውጡ ክትባቱን ማምለጡ የሚረጋገጠው በደም ውሃ ምርመራ ነው። ቫይረሱ መድኃኒት መቋቋሙን ለማወቅ በኤች1ኤን1 ኤንኤ ላይ ኤች275ዋይ የተባለው ለውጥ ለኦሴልታሚቪር፣ በፒኤ ፕሮቲን ላይ አይ38ቲ የተባለው ለባሎክሳቪር ይፈተሻሉ።

ዛፉን ለመሥራት የራስ ናሙናዎች ብቻ አይበቁም። ከጎረቤት አገሮችና ከሌሎች አህጉራት በተቀራራቢ ጊዜ የተወሰዱ ቅደም ተከተሎች፣ የክትባቱም ቫይረሶች ይጨመሩ፤ ከዚያ ተደርድረው በአይኪው-ትሪ ፕሮግራም ዛፉ ይሠራ፤ በትሪታይም ፕሮግራም ከቀናቱ ጋር ይዛመድ። ከዛፉ ተነጥሎ የሚቆም ናሙና ከተገኘ ከቫይረሱ በፊት ቀኑ ይመርመር።

በንባብ ላይ ሦስት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው በወረቀቱ ላይ ከላይና ከታች ጎን ለጎን የተቀመጡትን እንደ ቅርብ ዘመድ ማየት ነው፤ ዝምድናው የሚለካው ወደ ጋራ ቅድመ አያት በሚወስደው የቅርንጫፍ ርዝመት ነው፤ ቅርንጫፎቹ በመገናኛቸው ላይ ቢገለበጡ የሚለወጥ ነገር የለም። ሁለተኛው አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ያላቸውን ሁለት ሰዎች «አንዱ ሌላውን አስያዘ» ማለት ነው። የኤች3ኤን2 ኤችኤ ዘረመል በዓመት ከ5 እስከ 10 የሚደርሱ ለውጦችን ብቻ ስለሚያከማች በተለያየ ከተማ የሚኖሩና ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ለሳምንታት አንድ ዓይነት ቫይረስ ሊይዙ ይችላሉ። ሦስተኛውና ከባዱ የመጣበትን አገር መወሰን ነው። ብዙ የሚያነብ አገር በዛፉ ላይ ሁልጊዜ ምንጭ መስሎ ይታያል፤ ጥቂት የሚያነብ ደግሞ ሁልጊዜ ተቀባይ ይመስላል። ከአፍሪካ የሚገኙት ቅደም ተከተሎች ጥቂቶች በሆኑበት ሁኔታ «ከውጭ ገባ» የሚለው ድምዳሜ ከቫይረሱ ጉዞ ይልቅ የናሙናውን ማነስ የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም ቁርጥራጮቹ በሁለት ቫይረሶች መካከል ሊለዋወጡ ስለሚችሉ ለኤችኤና ለኤንኤ ቢያንስ የየራሳቸው ዛፍ ይሠራ።

9. ማካፈልና መመለስ

ቅደም ተከተሉ «ዓይነት/ቦታ/ቁጥር/ዓመት» በሚለው ዓለም አቀፍ ስያሜ፣ ለምሳሌ ኤ/አዲስ አበባ/57/2024 ተብሎ፣ ጂሳይድ በተባለው ዓለም አቀፍ የዘረመል መረጃ ቋት ይመዘገባል፤ የታካሚ መለያ ግን አይገባም። ሳምንታዊው ቁጥር ፍሉኔት በተባለው የዓለም ጤና ድርጅት የመረጃ መድረክ ይቀርባል። የክትባቱን ይዘት የሚወስኑት ስብሰባዎች በፌብሩዋሪ ለሰሜኑ፣ በሴፕቴምበር ለደቡቡ ንፍቀ ክበብ ይካሄዳሉ፤ ከእነሱ በኋላ የደረሰ መረጃ ለዚያ ዙር አይጠቅምም። ስለዚህ መቶ ናሙና አከማችቶ በዓመት አንድ ጊዜ ከማንበብ በየወሩ አሥር ማንበብ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው ናሙናውን የላከው የጤና ተቋም ነው። በየወሩ መጨረሻ ለእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ገጽ በአማርኛ ወይም በአካባቢው የሥራ ቋንቋ ይላክ፤ ስንት ናሙና እንደደረሰ፣ ስንቱ ፖዘቲቭ እንደሆነ፣ የትኛው ዓይነት እንደበዛ፣ ስንቱ እንደተነበበ፣ ውድቅ የተደረጉትም በምን ምክንያት እንደሆነ ይገለጽበት። ምክንያቱ ቀኑ ከሆነ «ቀን አልተጻፈም»፣ ሙቀት ከሆነ «በ14 ዲግሪ ደርሷል» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ በቀጣዩ ወር ውድቅ የሆኑት ቁጥር መቀነሱም ከዚያው ገጽ ላይ ይታይ።